ሁለተኛው ዑካሻ

የባሌ ስም ዑካሻ ነው። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ «ማን?» ይላል። እኔም የተዋወቅን ቀን «ማን?» ብያለሁ። እሱም እንደ ልማዱ ፊደል በፊደል እየቆጠረ ነገረኝ። ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ የሐኪም ጽሑፍ አይቸግረኝም። ይህን ስም ግን በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ሦስት ዓይነት አድርጌ ጽፌዋለሁ።

ባሌ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። በር ያንኳኳል፣ «ቆጣሪ!» ይላል፣ ክዳኑን ያነሣል፣ መስታወቱን በአውራ ጣቱ ይጠርጋል፣ ቁጥሩን ጽፎ ይሄዳል። ስሙን የሚጠይቀው የለም። ሥራው የተስማማውም ለዚህ ይመስለኛል። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ግን በሆነ ነገር መጥራት ስላለባቸው «ካሻው» አሉት። ጠዋት አለቃቸው «ዛሬ ካሻው ይመጣል?» ሲል አንዱ «ካሻው» ብሎ ይመልሳል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህች ይስቃሉ። ባሌ አይስቅም፣ አይቆጣምም።

ነገሩ የተጀመረው መታወቂያው ጊዜው አልፎበት ሊያሳድስ የሄደ ዕለት ነው። አራተኛው መስኮት ላይ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትዮ አለች። የልደት ካርዱን አየች፣ ኮምፒውተሯን ነካካች፣ ከዚያ ካርዱን መለሰችለት።

«እርስዎ አድሰዋል» አለችው።

«አላደስኩም።»

«ባለፈው ወር በስምንተኛው ቀን አድሰው፣ ፈርመው ወስደዋል። ዑካሻ እርስዎ አይደሉም?»

ስሙን ሳይደገምለት በትክክል የጠራው ሰው ሲያጋጥመው የመጀመሪያው ስለነበር፣ ባሌ ትንሽ ደስ አለው። «ነኝ» አለ።

«እንግዲያው ወስደዋል።»

ሴትዮዋ ስክሪኑን አዞረችለት። ፎቶው ላይ አንድ ጎልማሳ ሰው አለ። ባሌ ጠጋ ብሎ አየና «ጆሮው የእኔ ነው። ፊቱ ግን የእኔ አይደለም» አለ።

ሴትዮዋ መነጽሯን አድርጋ ጆሮውን አየች። ጆሮው እውነትም የእሱ ነው። ከዚያ እንዲህ ብላ አስረዳችው፦ «በእኛ መዝገብ ሰው የሚለየው በራሱ ስም፣ በአያቱ ስምና በተወለደበት ቀን ነው። የእናንተ ሦስቱም አንድ ነው። ስምዎ የተለመደ ቢሆን ችግር አልነበረም፤ የተለመደ ስም ያላቸው ሰዎች በአንድ ቀን አርባ ሆነው ይወለዳሉ፣ ማሽኑ ለምዶታል። ይሄ ስም ግን መዝገቡ ውስጥ አንድ ብቻ ነው። ማሽኑ ሁለተኛውን አያምንም።»

«እኔ ግን እዚህ ቆሜያለሁ።»

«እኔ አምኛለሁ» አለች፣ «ማሽኑ ነው።»

ከመሳቢያዋ አንድ ቅጽ አወጣች። አራት ባዶ መስመሮች አሉት፦ የስሙ ትርጉም፣ የስሙ ምንጭ፣ ስሙን ያወጣው ሰው፣ ስሙ ለሁለት የአንድ ቤተሰብ ልጆች የተሰጠበት ምክንያት። ከታች፣ ሁለቱ ሲወለዱ በቅርብ የነበረ የቤተሰብ አዋቂ ይፈርማል ይላል። «ሌላኛውን ሰውዬም ይዘውት ይምጡ» አለችና ቀጣዩን ጠራች።

ባሌ ቅጹን ይዞ በቀጥታ ወደ ፋርማሲው መጣና የደም ግፊት የምንለካበት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ስሜ ምን ማለት ነው?» አለኝ።

«አርባ አንድ ዓመት አብሮህ የኖረን ስም እኔን ትጠይቀኛለህ?»

«ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም» አለ። እውነቱን ነው። ሰው ሁሉ «ማን?» ነው የሚለው፤ «ምን ማለት ነው?» እስከሚለው የሚደርስ የለም።

ከኋላው ኡስታዙ ቆመው ወንበሩ እስኪለቀቅላቸው ይጠብቁ ነበር። የሰፈሩ መስጊድ አስተማሪ ናቸው፤ በየሳምንቱ ግፊታቸውን ሊለኩ ይመጣሉ። ባሌን አስነሥቼ አስቀመጥኳቸውና ክንዳቸውን እያሰርኩ ጠየቅኋቸው።

«ዑካሻ? ሸረሪት ነው» አሉ።

ለመድኃኒት የተሰለፉት ሰዎች ሁሉ ዞር አሉ።

«ሸረሪት?» አለ ባሌ።

«ድሩ ነው የሚሉም አሉ። የዐረብኛ አዋቂዎች ሁለቱንም ይላሉ።»

«ሰው ልጁን ሸረሪት ይለዋል?»

«አንበሳ ይለው የለ? ሸረሪት ማንን በላች?»

«ኡስታዝ፣ አይናገሩ፤ ግፊቱን ይጨምረዋል» አልኳቸው። እሳቸው ግን ወሬያቸውን ከጀመሩ የሚያቆማቸው የለም።

«ስሙ የከበረው በትርጉሙ አይደለም፣ በሰውየው ነው» አሉ። «ነቢያችን፣ ሰላም በሳቸው ላይ ይሁን፣ አንድ ቀን ከተከታዮቻቸው መካከል ሰባ ሺህ ያለ ምርመራ ጀነት እንደሚገቡ ተናገሩ። ዑካሻ የሚባለው ባልደረባቸው ፈጠን ብሎ ተነሣና ‹ከእነሱ እንድሆን ዱዓ ያድርጉልኝ› አለ። ሆነለት። ይህን ያየ ሌላ ሰው ተነሣና ‹ለእኔም› አለ። ‹ዑካሻ ቀደመህ› ተባለ። ከዚያ ወዲህ ዐረቦች አንድ ሰው ዘግይቶ ሲመጣ ይህቺኑ ይሉታል፦ ዑካሻ ቀደመህ።»

«ሁለተኛው ሰውዬስ?» አልኩ።

«ተቀመጠ» አሉ ኡስታዙ።

ግፊታቸው ከፍ ብሎ ነበር። ስላወሩ እንደሆነ ነገርኳቸውና ድጋሚ ለካሁ። ባሌ መደርደሪያው ላይ ተደግፎ በመጀመሪያው መስመር «ሸረሪት (ወይም ድሩ)» ብሎ ጻፈ።

ማታ እናቱን ጠየቀ። አማቴ ጉልበታቸውን ከታመሙ ወዲህ አብረውን ነው የሚኖሩት። መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የሸሚዝ ቁልፍ ይተክሉ ነበር።

«እማዬ፣ ስሜን ማን አወጣው?»

«አያትህ። ሳይሞት በፊት ‹ከልጆቼ ወንድ ልጅ የወለደ ዑካሻ ይበልልኝ› ብሎ ነበር። ጥሩ ስም ነው።»

«ሸረሪት ማለት ነው።»

«ማን አባቱ ነው ያለው?»

«ኡስታዙ።»

አማቴ ትንሽ አሰቡና «ሸረሪትም ምንም አትል» አሉ። ከዚያ ባሌ ሌላ ዑካሻ መኖሩን፣ በእሱ ቀን መወለዱንና ፎቶውን ማየቱን ነገራቸው። መርፌው አየር ላይ ቆመ።

«ጆሮው እንዴት ነው?»

«እንደኔ።»

«የዚያ ቤት ነው» አሉና ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት።

«ያ ቤት» የባሌ አባት ታላቅ ወንድም ቤት ነው፤ ከእኛ ሦስት የአውቶቡስ ፌርማታ ይርቃል። በቤታችን ውስጥ ሰውየው ስምም ዝምድናም የላቸውም። ባሌ ሥራ የጀመረ ጊዜ ያ ቤት ያለበት መንገድ ደርሶት ነበር። አባቱ «በዚያ በር አታልፍም» ስላሉት ከጓደኛው ጋር ተለዋወጠና ዳገቱንና ውሻ የበዛበትን ሰፈር ወሰደ። አባቱ ከሞቱ ስምንት ዓመት ሆኗል፤ ባሌ አሁንም ዳገቱን ይወጣል። የጥሉን ምክንያት ግን የነገረው አልነበረም። የዚያን ቀን አማቴ ነገሩት።

ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሆስፒታል ልጅ ተወለደላቸው። የአማቴ ጠዋት ተወለደ። ታላቅየው ከሰዓት በኋላ መጡና በሩ ላይ ቆመው «ልጄን ዑካሻ ልለው ነው» አሉ። ክፍሉ በዘመድ ተሞልቶ ነበር። የባሌ አባት ቀልድ ይወዱ ነበርና «ዑካሻ ቀደመህ!» አሏቸው። ታሪኩን የማያውቅ ስላልነበረ ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ሰውየው ፊታቸውን አዙረው ወጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደጃችንን አልረገጡም።

«ለዚህ?» አለ ባሌ። «ለአንድ ቀልድ አርባ አንድ ዓመት?»

«ኩሩ ነው። አባትህም ‹እኔ ታናሽ ነኝ ብዬ አልለምነውም› አለ። ይኸው።»

«አንቺስ ሳቅሽ?»

«እኔ አልጋ ላይ ነበርኩ» አሉ አማቴ። ጥያቄው ይህ አልነበረም።

ቅዳሜ ባሌ የሥራ ልብሱን ለበሰ፣ ደብተሩን ያዘ። የዕረፍት ቀኑ ነበር።

«አጎትህ ቤት ልንሄድ አይደል እንዴ?» አልኩት።

«እንደ ዘመድ ከሄድኩ አይከፍቱልኝም» አለ። «ለቆጣሪ የማይከፍት ግን የለም።»

በሩ ላይ ደርሰን «ቆጣሪ!» አለ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰልል ሰማሁት። የከፈቱት ቀጭን፣ ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ ደረት ኪሳቸው ላይ ቀይ እርሳስ ሰክተዋል። አርባ ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ሆነው እንደሠሩ በኋላ ነው የሰማነው።

«የእኛን የሚያነበው ሌላ ሰው ነው» አሉ። «ደግሞ ባለፈው ሳምንት አንብቧል።»

ባሌ እንደ ልማዱ ቆጣሪውን ፈልጎ አገኘ፣ ክዳኑን አነሣ፣ ተንበርክኮ መስታወቱን ጠረገ። ሽማግሌው ከላይ ሆነው ጎኑን አዩት፤ በተለይ ጆሮውን። ቆየት ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ይቺስ ምን ታነባለች?»

«ሚስቱ ነኝ» አልኩ።

«ሚስት ይዞ ቆጣሪ የሚያነብ ሰው አላየሁም» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ግቡ። የወንድሜ ልጅ ነህ። መሬት ላይ አትንበርከክ» አሉት።

ሳሎናቸው ወረቀት ወረቀት ይሸታል። ወንበሮቹ ላይ የተከመረውን ጋዜጣ ራሳቸው አነሡልን። ባሌ ቅጹን ሰጣቸው። ከማንበባቸው በፊት ቀይ እርሳሳቸውን አውጥተው «ምክንያት» የሚለውን ቃል አረሙ፤ መሥሪያ ቤቱ አንዲት ፊደል ገድፎ ነበር። ከዚያ አነበቡ። «ሸረሪት» የሚለው ላይ ሲደርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ትክክል ነው ማለታቸው ነው። አራተኛው መስመር ላይ እርሳሱ ቆመ።

«ምክንያት» አሉ። «ምን ብለው ነገሩህ?»

«ተስቆብዎት ተቀየሙ ብለው።»

«እሱም ልክ ነው» አሉና እርሳሱን መልሰው ኪሳቸው ላይ ሰኩት። ባሌ በዚህ ይረካ ነበር፤ እኔ ግን አልረካሁም። ስለዚህ ጠየቅኋቸው፦

«አጎቴ፣ ስሙ መወሰዱን እያወቁ ለምን ለልጅዎ ሰጡት?»

«እስከ ማታ የሚቆይ አልመሰለኝም ነበር» አሉ።

ምን እንዳሉ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። እሳቸው ቀጠሉ፤ ድምፃቸው የቆጣሪ ቁጥር እንደሚነግር ሰው ነበር።

«ሐኪሙ ጠራኝ። ‹ልጁ በደንብ አይተነፍስም፣ እስከ ማታ ከቆየ ብዙ ነው፣ ለእናቱ አትንገር› አለኝ። ስም ሳይኖረው እንዳይቀበር ፈለግኩ። አባታችን የወደደውን ስም ለአንድ ቀን ልሰጠው። ወንድሜ ጋ የሄድኩት ላስፈቅደው ነው። ‹ዛሬን ብቻ አውሰኝ፣ ነገ የልጅህ ነው› ልለው ነበር። ‹ዑካሻ ልለው ነው› ከማለቴ ያንን ተናገረ። ሁሉም ሳቀ። የቀረውን እንዴት ልናገር? እንባዬ እንዳይታይ ፊቴን አዞርኩ። እነሱ ኩራት መሰላቸው።»

«ለምን ቆይተው አልነገሯቸውም?» አለ ባሌ።

«ልጁ አልሞተማ» አሉ። «አንድ ሳምንት ማሽን ውስጥ ነበር። ሲድን የደስታዬ ብዛት ይቅር ሊያሰኘኝ ይገባ ነበር፤ አላሰኘኝም። ነገ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ አልኩ። የቆየ ነገር ደግሞ ይከብዳል። ወንድሜ ሲሞትም ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆሜ ነበር። አላያችሁኝም።»

ባሌ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያይ ነበር። «‹ዑካሻ ቀደመህ› የተባለውን የዚያን ሁለተኛ ሰውዬ ስም ታውቃለህ?» አሉት አጎቱ። «ማን እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። ብዙ መጽሐፍ አገላብጫለሁ። አንዳንዱ አንድ ስም ይላል፣ ሌላው ይተወዋል። ለአርባ ዓመት ያሳሰበኝ እሱ ነው።»

በሩ ተከፈተና ባለ ቱታ፣ እጁ ግራሶ የነካው ሰው ገባ። ፎቶው ላይ ያለው ሰውዬ ነው። ሊፍት ነው የሚጠግነው። የሥራ ጓደኞቹ ስሙ ሲያስቸግራቸው «ኡኡ» ይሉታል፤ ሊፍት ውስጥ ተዘግቶበት ኡኡ ለሚል ሰው የሚደርሰው እሱ ስለሆነ።

«ማን ናቸው?» አለ አባቱን።

«ዑካሻ እባላለሁ» አለ ባሌ ብድግ ብሎ።

«ማን?» አለ ሰውየው።

ይህን ጥያቄ ከሱ ይጠብቅ የነበረ ሰው አልነበረም። ከዚያ ራሱም ገባውና «እኔም» አለ። እጁን በቱታው ጠርጎ ዘረጋ። ለረጅም ጊዜ ተጨባበጡ። ስማቸውን የያዘ ሌላ ሰው ሁለቱም በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም። ባሌ «አንተም ፊደል በፊደል ነው የምትነግራቸው?» ሲለው፣ «እኔ ተስፋ ቆርጬ ኡኡ ብያለሁ» አለ።

አጎቱ መሥሪያ ቤቱ ድረስ መጥተው ሊፈርሙ ተስማሙ። «ግን እሷም ትምጣ» አሉ። አማቴን ነው። «ከሁሉም የማስታውሰው የእሷን ሳቅ ነው። እንደ እህት ነበር የማያት።»

ቤት ተመልሰን ባሌ ለእናቱ ሁሉንም ነገራቸው፤ ሐኪሙ ያለውንም። አማቴ ቀና አላሉም። «ማንም አልነገረንም» አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ ማንም ምንም ሳይላቸው፣ «ማንም አልነገረንም እኮ» አሉ ደግመው። የያዙት ሸሚዝ ቁልፎቹ በሙሉ ተተክለው ነበር፤ አንዱን ፈተው እንደገና ተከሉት።

ሰኞ አራተኛው መስኮት ፊት አምስት ሆነን ቆምን። አማቴና የባላቸው ወንድም ሰላም ተባብለዋል፤ ሌላ ቃል ግን አልተነጋገሩም። አማቴ የመስኮቱን ጠርዝ ይዘዋል፣ እሳቸው ደግሞ እርሳሳቸውን። ሴትዮዋ ቅጹን ገለበጠች። አራተኛው መስመር ላይ አጎቱ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «አንዱ ይሞታል ተብሎ ነበር፤ አልሞተም» ብለው ጽፈዋል። ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች፣ ሁለቱን ዑካሻዎች ከጆሮ ጀምራ አየች።

«ይበቃል» አለች። «አሁን ማሽኑ ልዩነት ይፈልጋል። አንደኛው በዓይኑ ዑ ይጻፋል፣ ሁለተኛው በአልፋው ኡ። ማን ነው ቀድሞ የተወለደው?»

ሁላችንም መልሱን እናውቃለን። ባሌ ሊናገር አፉን ሲከፍት አማቴ ቀደሙት።

«የሱ ልጅ» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ አጎቱ እያሳዩ።

«አይደለም» አሉ አጎቱ። «ጠዋት ነው የወለድሽው። የእኔ ከሰዓት ነው።»

«አንተ የት ነበርክ? ኮሪደር ላይ። አልጋው ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

«የልደት ካርዱ ላይ እኮ ሰዓት...»

«የልጅህ ይቅደም አልኩህ!» አሉ አማቴ። ድምፃቸው ከፍ ብሎ ከሌሎቹ መስኮቶች ሰው ዞረ። ከዚያ በቀስታ፣ «ስቄ ነበር። አላወቅኩም። ይቅደም» አሉ።

አጎቱ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር፤ ንጹሕ ነበር፣ ግን ጠረጉት። ሴትዮዋ ሁለቱን ሽማግሌዎች አየች፣ ባሌን አየች። ባሌ «ይቅደም» አለ። ጻፈች። ማሽኑ ትንሽ አሰበና ተቀበለው። በዚህ ዓይነት ባሌ በአርባ አንድ ዓመቱ በአልፋው ኡ የሚጻፍ ሁለተኛ ሰው ሆነ። ቅር ብሎት እንደሆነ ጠይቄው ነበር። «ከሦስት ስሕተት አንድ ሕጋዊ ስሕተት ይሻላል» አለኝ።

ስንወጣ የአጎቱ ልጅ «ላድርሳችሁ» አለ። የሥራ መኪናው በገመድና በብረት ተሞልቷል። አማቴን ከፊት አስቀመጥናቸው፤ ወንበሩ ይጎረብጣል ብለው ተማረሩ። አጎቱ፣ ባሌና እኔ ከኋላ ከሊፍት ገመድ ጋር ተጨናንቀን ተቀመጥን። የመጀመሪያው የትራፊክ መብራት ላይ ስንደርስ አጎቱ ወደ ፊት ጎንበስ አሉና፣

«ወንድሜ እንዴት ነው የሞተው?» ብለው ጠየቁ።

አማቴ ሳይዞሩ መናገር ጀመሩ። ከሕመሙ መጀመሪያ ነው የጀመሩት፤ የመጀመሪያውን ሳል ጭምር። የትኛው ሐኪም ምን እንዳለ፣ ምን መብላት እንዳስጠላው፣ የመጨረሻው ሳምንት ማንን ማንን እንደጠራ። ቤታችን በር ላይ ስንደርስ ገና ሁለተኛው ሆስፒታል ላይ ነበሩ። የአጎቱ ልጅ በመስታወቱ አባቱን አየ፣ ሳያቆም አለፈና ሰፈሩን ዞረ። ተመልሰን ስንደርስም አልጨረሱም። አንድ ጊዜ ደግሞ ዞረ።